የትልቁ ድስት ሕግ
(በደጅ ለብዙ ሰው ስለሚሠራ ወጥ)

በአገራችን ድግስ የሌለበት ደስታ፥ ድግስ የሌለበትም ኀዘን እምብዛም አይገኝም። ልጅ ሲጠመቅ፥ ልጅ ሲዳር፥ ሰው አርፎ ዐርባው ሲደርስ፥ የማኅበር ተራ ሲመጣ፥ ቤቱ ይጠብና ዳስ ይጣላል፤ ማድ ቤቱም ይጠብና ድስቱ ወደ ደጅ ይወጣል። ከዚያ ቀን አስቀድሞ ስለ ዳሱ ስፋት፥ ስለ ጠላው ጥንስስ፥ ስለ እንግዶቹ አቀማመጥ ብዙ ምክር ይመከራል፤ ስለ ድስቱ ግን «እነ እገሊት ያውቁበታል» ተብሎ ይታለፋል። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያሰብነው ይህንኑ ብዙ ጊዜ የሚታለፈውን ጉዳይ ነው።

ለ6 ሰው የሚበቃ ወጥ መሥራት የቻለ ሁሉ ለ150 ሰው የሚበቃውንም መሥራት የሚችል ይመስለዋል። ነገር ግን ትልቁ ድስት የትንሹ ድስት ብዜት አይደለም፤ የራሱ ሕግ አለው። ይህንንም የተማርነው ከመጽሐፍ ሳይሆን በኀፍረት ነው።

የሒሳብ መምህሩ ስሕተት

በ1996 ዓ.ም. በጥር ወር፥ አባታችን ባረፉ በ40ኛው ቀን፥ ለተዝካራቸው 150 ሰው ጠርተን ነበር። እናታችን ከነኀዘናቸው በእሳት ዳር እንዳይቆሙ ብለን የድግሱን ኀላፊነት እኛ ተቀበልን። በዚያን ጊዜ ማስተማር ከጀመርን ብዙ ያልቆየን ወጣት የሒሳብ መምህር ነበርንና፥ ነገሩን ሁሉ በወረቀት ላይ ሠራነው። በቤታችን ለ6 ሰው 1 ኪሎ ሥጋ፥ 1 ኪሎ ሽንኩርትና 2 ሊትር ውሃ ይበቃል፤ 150 ለ6 ሲካፈል 25 ይሆናል፤ ስለዚህ 25 ኪሎ ሥጋ፥ 25 ኪሎ ሽንኩርትና 50 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል አልን። በሰፈሩ በድግስ ወጥ የታወቁ አንዲት ባልቴት ነበሩ። እናታችን «ልጄ፥ እሳቸውን አስጠራ» ቢሉን፥ «እሳቸው ደክመዋል፤ ሒሳቡን እኛ እንችለዋለን» ብለን መለስን። ባልቴቷን የጠራናቸው በእንግድነት ብቻ ነበር።

ሌሊት ከጎረቤት ወጣቶች ጋራ ሆነን ትልቁን ጎላ በሦስት ጉልቻ ላይ ጣድን። ሰዓት እንዳይደርስብን ስለ ቸኰልን ሽንኩርቱ በወጉ ሳይበስል በርበሬውንም፥ ሥጋውንም፥ ውሃውንም አከታትለን ጨመርን። በነጋ ጊዜ በድስቱ ውስጥ ያገኘነው ወጥ ሳይሆን ቀይ ጎርፍ ነበር። ውሃው እንዲመጥጥ ብለን እሳቱን አበዛንበት፤ ላዩ እንደ ቀጠነ ሳለ ታቹ አረረ። የእርሩ ሽታ ከዳሱ ሲደርስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነበር። ካህናቱና ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሊመጡ የቀረው 2 ሰዓት ብቻ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ነዳያን ከማለዳ ጀምረው ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። እናታችን ወጥተው ድስቱን አዩት፤ አንድም ቃል ሳይናገሩ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ተመለሱ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

በዚህ ጊዜ እኒያ ባልቴት ማንም ሳይጠራቸው ከዳሱ ተነሥተው መጡ። አልተቈጡንም። «ማማሰያውን አውጡ፤ ታቹን እንዳትነኩት» አሉና እሳቱን ከድስቱ ሥር አስወጡ። ላይ ላዩን በጭልፋ እያስቀዱ ወደ ሁለት ሌሎች ድስቶች አስገለበጡ፤ ያረረው ከታች እንደ ተጣበቀ ቀረ። ከዚያም ከጎረቤት ሽንኩርት አስመጥተው በሌላ ድስት ያለ ውሃ አቁላሉ፤ በርበሬና ቅቤ ጨምረው፥ ከቀጠነው ወጥ ጋራ ጥቂት በጥቂት አዋሐዱት። እኛ «እማማ፥ ሒሳቡ እኮ ልክ ነበር» ብንላቸው፥ «ልጄ፥ ሰው ይባዛል፤ ሥጋም ይባዛል፤ ውሃና ጊዜ ግን በአንተ ሒሳብ አይባዙም» አሉን። ማዕዱ 2 ሰዓት ያህል ዘግይቶ ቀረበ፤ የእርሩም ሽታ ፈጽሞ አልጠፋለትም። ቢሆንም ሳይበላ የተመለሰ ሰው አልነበረም።

ምክንያቱ

ባልቴቷ በአጭር ቃል የነገሩንን በኋላ በትምህርት ብናመሳክረው እውነት ሆኖ አገኘነው። ውሃ በእንፋሎት የሚወጣው በድስቱ አፍ ነው። ድስቱ በቁመትም በወርድም እጥፍ ሲሆን አፉ 4 እጥፍ ይሰፋል፤ የሚይዘው ወጥ ግን 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በትልቅ ድስት ያለ ወጥ እንደ ትንሹ ቶሎ አይመጥጥም። ሁለተኛም ከሽንኩርት ክብደት ከመቶ 89 ያህሉ ውሃ ነው፤ ስለዚህ 25 ኪሎ ሽንኩርት ራሱ 22 ሊትር ያህል ውሃ ይዞ ወደ ድስቱ ይገባል። እኛም በዚህ ላይ 50 ሊትር መጨመራችን ለምን ጎርፍ እንደ ሆነብን ከዚህ ይታወቃል። ሦስተኛም ቀጭን ውሃ ሲፈላ ከታች ወደ ላይ እየተገላበጠ ሙቀቱን ያዳርሳል፤ የወፈረ ወጥ ግን ባለበት ስለሚቆም፥ ማማሰያ ካላገላበጠው በቀር ላዩ ሳይሞቅ ታቹ ያርራል። ችኰላችን እሳት ባበዛ ቍጥር ያበዛው እርሩን እንጂ ብስለቱን አልነበረም።

ይህ ሕግ የእኛ አገር ድስት ብቻ ሕግ አይደለም። ሕንዶች ካሪ የሚሉት ምግብ የወጣችን ዘመድ ነው፤ ስሙም ከታሚል ቋንቋ የመጣ ነው። በዚያም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ሽንኩርቱ በዝግታ ይበስላል፤ ቅመሙ ይከተላል፤ ሥጋው ወይም ምስሩ በኋላ ይገባል። እርድና ቁንዶ በርበሬ የሁለታችንም ናቸው፤ ኮረሪማ ግን የኢትዮጵያ ምድር ተክል ነው። በርበሬ ለሁለታችንም እንግዳ ነው፤ ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ከዚያ ምድር የመጣ ነው። በሰሜን ሕንድ በአምሪትሳር ከተማ በሚገኘው በሲኮች ወርቃማ ቤተ መቅደስ በየቀኑ 50,000ና ከዚያ የሚበልጥ ሰው በነጻ ይመገባል። ምስሩ የሚሠራው ሰው በሚያስገቡ ታላላቅ ድስቶች ነው፤ ከሚያማስሉትም ብዙዎቹ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው። ባለጸጋውም ድኻውም በአንድ ረድፍ ወለል ላይ ተቀምጦ ይበላል። በአገር ብንራራቅም ትልቁ ድስት የሚጠይቀው አንድ ነው፤ ይኸውም ትዕግሥትና ብዙ እጅ ነው።

ስለ ጉልቻውና ስለ እንጨቱ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያዘነበለ ጉልቻ ወጥ ይደፋል። ስለዚህ ሦስቱ ድንጋዮች በቁመት እኩል ሆነው ጥቂት በመሬት ውስጥ ይቀበሩ፤ ድስቱም በባዶው ተጥዶ ይፈተን። ከወንዝ የወጣ እርጥብ ድንጋይ በእሳት ሊፈነዳ ስለሚችል አይመረጥም። ምድጃው ከዳሱ ራቅ ብሎ፥ ነፋስ ጢሱንና ፍንጣሪውን ወደ ዳሱ በማይወስድበት ወገን ይሁን። ሕፃናት የማያልፉበት መሆኑም አይዘንጋ፤ በድግስ ቀን በፈላ ድስት የሚቃጠል ሕፃን የቤቱን ደስታ ወደ ልቅሶ ይለውጠዋልና።

እንጨቱ አስቀድሞ ተፈልጦ የደረቀ ይሁን። የደረቀ ባሕር ዛፍ ቶሎ ተቀጣጥሎ ብዙ ነበልባል ይሰጣል፤ ድስቱን ለማፍላት መልካም ነው። ግራርና ወይራ ግን ፍማቸው ስለሚቆይ ወጡን በዝግታ ለማብሰል ይመረጣሉ። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች በነበልባል አፍልተው በፍም ያበስላሉ፤ እሳቱንም የሚያዝዙት እንጨቱን ወደ ውስጥ በመግፋትና ወደ ውጭ በመሳብ ነው።

ስለ ቁሌቱ

ሽንኩርቱ በዋዜማው ማታ ይከተፍ። ለ25 ኪሎ ሽንኩርት ቢያንስ 8 ሰዎች ቢቀመጡ፥ እንባውም ጨዋታውም ተካፍሎ ሥራው ያልቃል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ድስቱ ይጣድና ሽንኩርቱ ያለ ውሃና ያለ ዘይት፥ በራሱ ውሃ፥ ሳይቋረጥ እየተማሰለ ይብሰል። ይህ ብቻውን 2 ወይም 3 ሰዓት ይወስዳል፤ ድግሱ የሚድነውም የሚጠፋውም በዚህ ሰዓት ነው። ውሃው መጥጦ ሽንኩርቱ ሲሟሽሽ ዘይቱ፥ ቀጥሎም በርበሬው ይገባል። በርበሬው እንዳያርር ጥቂት ጥቂት ሙቅ ውሃ ጠብ እየተደረገለት ረዘም ላለ ጊዜ ይቁላላ። ከዚያ በኋላ ሥጋው ይጨመራል፤ ሥጋውም ራሱ ውሃ ስለሚያወጣ፥ የሚጨመረው ውሃ የፈላ ሆኖ በጭልፋ እየተለካ ይግባ። የተጨመረ ውሃ ተመልሶ አይወጣም፤ የጎደለ ግን በማንኛውም ጊዜ ይሞላል። ጨውም እንዲሁ ነው፤ ወጡ እየመጠጠ ሲሄድ ጨውነቱ ስለሚጠነክር፥ ጥቂቱ በመጀመሪያ፥ የቀረው በመጨረሻ ቢገባ ይሻላል። ኮረሪማውና ሌላው መከለሻ፥ የነጠረውም ቅቤ፥ መዓዛቸው እንዳይጠፋ ሊወጣ ሲል ይጨመሩ።

ድግሱ በጾም ቀን የዋለ እንደ ሆነ ሽሮና ምስር ከሥጋ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ ዱቄቱና ክኩ ወደ ታች እየዘቀጠ ቶሎ ያርራልና። ለዚህ አንድ ግዙፍ ድስት ከመጣድ ሁለት ወይም ሦስት መካከለኛ ድስቶችን መጣድ ይበልጣል። አንዱ ቢያርር እንኳ ድግሱ ሁሉ አብሮ አያርርም።

ስለ ተረፈው

የትልቅ ድስት ሌላው አደጋ በላተኛው ከሄደ በኋላ ይመጣል። ትልቅ ድስት ዘግይቶ እንደሚሞቅ ዘግይቶም ይቀዘቅዛል፤ ተከድኖ ያደረ ወጥ ሌሊቱን ሙሉ ለብ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ተሕዋስ ዘሩ መፍላትን ችሎ ከተረፈ በኋላ በዚህ ለብታ ውስጥ እጅግ ፈጥኖ ይበዛል፤ በማግሥቱ የሚነሣው የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው እንጂ የሰው ዓይን አይደለም። ስለዚህ እስኪበላ ድረስ ወጡ ከ60 ዲግሪ በላይ ትኩስ ሆኖ በፍም ላይ ይቆይ፤ የተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ በሰፋፊና ጎድጓዳ ባልሆኑ ዕቃዎች ተከፋፍሎ ይቀዝቅዝ፤ ለመልስ በሚቀርብበት ጊዜም እስኪንተከተክ ይሙቅ። ከሁሉ የሚሻለው ግን በዚያው ቀን ትኩሱን ለነዳያንና ለጎረቤት ማዳረስ ነው።

በጢሱ ውስጥ የሚቆሙት

የድስቱን ነገር ከተናገርን ስለ ሠሪዎቹ ዝም ማለት አይገባንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ከሚነሣ ጢስ የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው በዓለም ሞቷል። ደጅ ጢሱን ይበትነዋል፤ ነገር ግን 8 ሰዓት ሙሉ በማማሰያው ላይ ላጎነበሰች ሴት ይህ በቂ መጽናኛ አይደለም። ስለዚህ ማማሰል በተራ ይሁን፤ ወንዶች ልጆቻችንም ከእንጨት መፍለጥ አልፈው ማማሰያውን ይጨብጡ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው ለዚህም ይሆናል።

እኛ በዲቍና ትምህርታችን ከሐዋርያት ሥራ 6ኛው ምዕራፍ ሰባቱ ዲያቆናት ለምን እንደ ተመረጡ አጥንተን ነበር። በዕለት ዕለቱ የማዕድ አገልግሎት ባልቴቶች ስለ ተዘነጉ ነው። ይህን በቃል የምናውቅ ሰዎች፥ በአባታችን ተዝካር ቀን፥ ባልቴቷን ራሳችን ዘነጋን፤ ያዳነችን ግን የተዘነጋችው እጅ ናት።

በ2007 ዓ.ም. በግንቦት ወር የበኵር ልጃችን በ40 ቀኑ ሲጠመቅ፥ ከድግሱ 3 ሳምንት ቀድመን ወደ እኒያ ባልቴት ቤት ሄድን። ጉልበታቸው ደክሞ ስለ ነበር በበርጩማ ላይ ተቀምጠው አዘዙን፤ እኛ እንጨት ፈለጥን፥ ሌሊቱንም ከባለቤታችንና ከጎረቤቶች ጋራ በተራ አማሰልን። ውሃውን የለካነው በጭልፋ ነበር። ወጡ በደረሰ ጊዜ፥ ካህናቱ እንኳ ሳይቀመጡ፥ የመጀመሪያውን ጭልፋ በእንጀራ ላይ አውጥተን ለእሳቸው በሁለት እጃችን አቀረብን። በዝግታ ቀመሱና ቀና ብለው አዩን። «መልካም ነው፤ ጥቂት ጨው ይቀረዋል» አሉን።

እኛም ጨመርን። ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በሚመጣው ድግሳችሁ ዳሱን ከመጣላችሁ በፊት ድስቱን የሚያውቀውን ሰው አስጠሩ፤ ማዕዱም ሲቀርብ በእሳቱ ዳር የቆሙትን በመጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያ አስቡ።