የቡና ቅምሻ ባለሙያና የሶፍትዌር ባለሙያ፦ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸው ተጋላጭነት በንጽጽር

በፍስሐ ገነትና በአካባቢው የሚለቀመው ቀይ እሸት ቡና ተፈልፍሎ፣ ታጥቦና ደርቆ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በባለሙያ ተመርምሮ ደረጃ ይሰጠዋል። ይህ ምርመራ ከሚካሄድባቸው ከተሞች አንዷ ዲላ ናት። በዚያችው ከተማ ዲላ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስና በተዛማጅ መስኮች ተማሪዎችን ያስመርቃል። ቅምሻም ሆነ ሶፍትዌር ማበልጸግ ሥልጠናና የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይበልጥ የተጋለጠው ግን የትኛው ነው?

ጥያቄውን በሙያ ስም ብቻ መመለስ ያሳስታል። ፍሬይና ኦስቦርን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት 702 የሥራ ዓይነቶችን መርምረው፣ 47 በመቶ የሚሆነው የአሜሪካ የሥራ ስምሪት ለአውቶሜሽን በእጅጉ የተጋለጠ መሆኑን ገምተው ነበር። በ2016 ግን አርንትስ፣ ግሪጎሪና ዚራን ሙያን ሳይሆን በሙያው ውስጥ ያሉትን ተግባራት መለኪያ ሲያደርጉ፣ በ21 የኦኢሲዲ አገሮች አማካይ ግምቱ ወደ 9 በመቶ ወርዷል። ስለዚህ ተጋላጭነትን ለመመዘን ስለ እያንዳንዱ ተግባር ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይበጃል፦ ግብዓቱ በዲጂታል መልክ ይገኛልን? የውጤቱን ትክክለኛነት በቀላሉ ማረጋገጥ ይቻላልን? ማሽኑስ ከሠራተኛው ይረክሳልን?

የሶፍትዌር ባለሙያው ዋና ተግባር ኮድ መጻፍ ነው። ኮድ ጽሑፍ በመሆኑ ቋንቋ አመንጪ ሞዴሎች የሚማሩበት እጅግ ብዙ ናሙና አለ፤ ስህተቱም ፕሮግራሙን በማስኬድ ወዲያው ይታያል። የመሣሪያው ዋጋም ከባለሙያ ደመወዝ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። በመሆኑም ይህ ተግባር ሦስቱንም መስፈርቶች ያሟላል። በአንጻሩ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ምን ዓይነት መዝገብ እንደሚያስፈልገው ከአባላቱ ጋር በጌዴኦኛ ተነጋግሮ መረዳትና ሥርዓቱ ሲበላሽ ኃላፊነት መውሰድ ለማሽን አስቸጋሪ ሆነው ይቀራሉ።

በኢትዮጵያ የታጠበ ቡና ምርመራ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ የጥሬ ቡናው ፍተሻ 40 በመቶ፣ የስኒ ቅምሻው 60 በመቶ ይይዛል። በፍተሻው የሚታዩት የፍሬው ቀለም፣ ቅርጽና እንከን በካሜራ የሚለዩ ናቸው፤ ፍሬን በቀለም የሚለዩ ማሽኖችም በቡና ኢንዱስትሪ ውስጥ አዲስ አይደሉም። ሆኖም የእጅ ለቀማ ክፍያ ዝቅተኛ በሆነበት አካባቢ ማሽን መግዛት ሁልጊዜ አያዋጣም። ቅምሻው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት መስፈርቶች አይሸነፍም። የስኒው ንጽሕና፣ አሲዳማነት፣ ክብደትና ጣዕም በምላስና በአፍንጫ ይመዘናሉ፤ የተቀመሰው ስኒ ተደፍቶ በመዝገብ የሚቀረው ነጥቡ ብቻ ነው። የነጥቡም ትክክለኛነት የሚረጋገጠው በሌሎች ቀማሾች ስምምነት ነው። ከዚህም በላይ ደረጃ መስጠት የአምራቹን ዋጋ የሚወስን ፍርድ ስለሆነ፣ ቅሬታ ሲነሣ መልስ የሚሰጥ ሰው ይፈልጋል።

ከዚህ አንጻር ይበልጥ የተጋለጠው የሶፍትዌር ሙያ ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ሁለቱ ሙያዎች የሚጋሩት ነው፤ በሁለቱም ቀድሞ ለማሽን የሚተላለፈው የጀማሪው ሥራ ነው። ጀማሪ ፕሮግራመር ቀላል ኮድ በመጻፍና ስህተት በማረም ይማራል፤ ጀማሪ መርማሪም እንከን በመቁጠር ዓይኑን ያሠለጥናል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2025 የአሜሪካን የደመወዝ መረጃ ተንተርሰው ባወጡት ጥናት፣ ይበልጥ በተጋለጡ ሙያዎች ውስጥ ከ22 እስከ 25 ዓመት ያሉ ሠራተኞች የሥራ ስምሪት በአንጻራዊነት 13 በመቶ ቀንሷል፤ የነባሮቹ ግን አልቀነሰም። የአሜሪካ ውጤት ለኢትዮጵያ በቀጥታ ባይሠራም አቅጣጫውን ያመለክታል።

በ2024 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በርካታ ወጣቶችን ወደዚሁ የመጀመሪያ እርከን እየጋበዘ ነው። ስለሆነም የሥርዓተ ትምህርት ቀራጮች ጥያቄ ተማሪው ኮድ መጻፍ ይችላል ወይ በሚለው ብቻ ሊወሰን አይገባም፤ ማሽን የጻፈውን ኮድ መርምሮ መፍረድን የት ይማራል የሚለውም ሊታከልበት ይገባል። ልምድ ያለው ቀማሽ የሚፈጠረው ጀማሪው ከነባሮቹ ጎን ቆሞ ያንኑ ስኒ በመቅመስና ነጥቡን ከእነርሱ ነጥብ ጋር በማስተያየት ነው። የሶፍትዌር ትምህርትም ከዚህ አሠራር የሚወስደው ነገር አለ።