ስለ መጋዘን ቁልፍና ስለ ኮምፒዩተር ሥልጣን

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል ባለው በአቃቂ ቃሊቲ መጋዘንና ፋብሪካ ብዙ ነው። የመጋዘን ቁልፍ የሚይዘው ሰው ተለይቶ እንዲታወቅ፥ ዕቃ ሲገባና ሲወጣም እንዲፈረም የቆየ ልማድ ነው። ዛሬ ግን መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ስለ ተዛወረ ቁልፉ የይለፍ ቃል ሆኗል፤ የብረቱን ቁልፍ ለወንድሙ እንኳ የማያውስ ሰው የይለፍ ቃሉን ጽፎ ከጠረጴዛው ላይ ይለጥፈዋል።

ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው በሊኑክስ ሥርዓት፥ ሩት የሚባል አንድ አዛዥ አለ፤ እርሱም ሁሉን ይከፍታል፥ ሁሉን ያጠፋል። ለተራው ሠራተኛ ግን በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ መብቱ ይለካለታል፤ ይኸውም ማንበብ፥ መጻፍና ማስፈጸም ሲሆን፥ ለባለቤቱ፥ ለቡድኑና ለሌላው ሰው ተለይቶ ይሰጣል። ማንበብ 4፥ መጻፍ 2፥ ማስፈጸም 1 ተብሎ ይቈጠራልና፥ 640 የተባለውን ሰነድ ባለቤቱ ያነበዋል፥ ይጽፍበታልም፤ ቡድኑ ያነበዋል ብቻ፤ ሌላው አያየውም። 777 ያለ ሰው ግን በሩን ከነመቃኑ ነቅሎ ጣለ ማለት ነው።

አምስት ሠራተኞች የሩትን የይለፍ ቃል በጋራ ይዘው ሳለ፥ ከመዝገቡ አርባ ኩንታል ስሚንቶ ተፍቆ ቢገኝ፥ የሚነበበው ሩት ፋቀው የሚል ነው፤ ሩት ደግሞ ሰው አይደለም። ስለዚህ ጉድለቱ የሚጠየቀው ከፈረመው ንብረት ጠባቂ ነው፤ እርሱም ምናልባት ያን ሌሊት ከቤቱ ተኝቶ ነበር። ሱዶ የተባለው መሣሪያ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ገብቶ ለተፈቀደለት ሥራ ብቻ የአዛዡን ሥልጣን ይዋሳል፤ ማን በስንት ሰዓት ምን እንዳዘዘም ይጻፋል።

ሆኖም ሙሉ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ይህንኑ ጽሑፍ ሊፍቀው ይችላልና፥ ቅጂው ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ቢላክ ይሻላል። ሱዶ ራሱም እንከን አላጣም፤ በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የገባበት ስሕተት፥ ተራውን ተጠቃሚ አዛዥ ለማድረግ የሚያስችል ሆኖ ሳለ፥ ይፋ የወጣው በዚያው አቆጣጠር በ2021 ነው። ማሻሻያ ሲወጣ ነገ ዛሬ ማለት የማይገባው ስለዚህ ነው።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የገባውን ብቻ ሳይሆን ከፈቃዱ አልፎ የገባውንም ይቀጣል። ነገር ግን ወሰን ያልተበጀለትን ሰው ወሰን አለፈ ብሎ በዳኛ ፊት ማስረዳት እንዴት ይቻላል? የተዛወረ ሠራተኛም የብረቱን ቁልፍ አስረክቦ ሲሄድ፥ ስሙ ከኮምፒዩተሩ የተሰረዘበት ቀን በዚያው በርክክቡ ወረቀት ላይ ተጽፎ፥ ተረካቢው ሊፈርምበት ይገባል።