የመጀመሪያው ሞተር መውደቁ አይቀርም

በ2004 እ.ኤ.አ. ተዋናዩ ዩዋን ማክግሬገርና ጓደኛው ቻርሊ ቦርማን ከለንደን ተነሥተው በምሥራቅ በኩል ዞረው ኒው ዮርክ ለመግባት ሦስት ግዙፍ ቢኤምደብሊው ሞተሮች አሰለፉ። ሦስተኛውን የሚነዳው የካሜራ ባለሙያው ክላውዲዮ ቮን ፕላንታ ነበር። ሞንጎሊያ ውስጥ፣ መንገድ የሚባል ነገር በጠፋበት አገር፣ የእሱ ሞተር ተሰብሮ በመኪና ተጫነና ወደ ኡላን ባቶር ሄደ። ሰውየውም በምትኩ ሩሲያ ሠራሽ ኢዝ ፕላኔታ ገዝቶ ጉዞውን ቀጠለ። ቢኤምደብሊውዎቹ ነዳጅ ሞልተው ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ፕላኔታው ከዚያ ወደ መቶ ኪሎ ይቀንሳል። የድሮ ሥሪት ነው፣ ርካሽ ነው፣ ማንም መንደር ውስጥ የሚፈታ ነው። ረግረግ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ፋብሪካው የለጠፈው ስም ምንም አይፈይድም፤ ሚዛኑ ነው ወሳኙ።

የመጀመሪያ ሞተሩን ሊገዛ የተነሣ ሰው ግን አፉ ላይ ቀድሞ የሚመጣው “ስንት ሲሲ ነው?” የሚለው ነው። እኔ ብጠየቅ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ገደል አፋፍ ላይ፣ ሰው በሌለበት፣ ጭቃ ውስጥ ተጋድሞ ብታገኘው ብቻህን ታነሣዋለህ?

መጀመሪያ ለእንዲህ ያለ መንገድ የተሠራውን ዕቃ እንወቀው። ዱዋል ስፖርት የሚባለው መብራትና መስታወት ተገጥሞለት፣ ታርጋ ወጥቶለት አስፋልት ላይ በሕግ የሚሄድ፣ አስፋልቱ ሲያልቅም ሳይቆም ኮሮኮንቹን የሚያያዘው ሞተር ነው። ከሞቶክሮስ የውድድር ሞተር የሚለየው በታርጋው ነው። በግራና በቀኝ የብረት ሻንጣ ከሚያንጠለጥሉት ትልልቆቹ የአድቬንቸር ሞተሮች የሚለየው ደግሞ በቅለቱ። የፊት ጎማው ብዙውን ጊዜ 21 ኢንች ነው፤ ቀጭን ቢሆንም ክቡ ትልቅ ስለሆነ ድንጋይ ሲያጋጥመው ከመላተም ይልቅ ይወጣዋል። ቸርኬው ባለ ሽቦ ነው፤ ወጥ ቸርኬ የሚሰነጠቅበትን ምት ሽቦው እየተለጠጠ ያሳልፈዋል። ከሆዱ በታች ያለው ክፍተት ሰፊ፣ የሞላው ጨዋታ ረጅም ነው። መቀመጫውን ከፍ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ዘሩ አዲስ አይደለም። ያማሃ በ1968 ዲቲ-1 የተባለውን 250 ሲሲ ቱ ስትሮክ ሞተር አሜሪካ ገበያ ላይ ሲያወጣ፣ እስከዚያ ድረስ የመንገድ ሞተራቸውን እየበታተኑና እየገጣጠሙ ጫካ ይገቡ የነበሩ ሰዎች ለሁለቱም የተሠራ ዕቃ ተገኘላቸው። ሆንዳ በ1972 በፎር ስትሮኩ ኤክስኤል 250 ተከተለ። በ1979 የመጀመሪያው የፓሪስ ዳካር ውድድር ሲጠናቀቅ በሞተር አንደኛ የወጣው ሲሪል ኔቮ የነዳው ያማሃ ኤክስቲ 500 ባለ አንድ ፒስተን፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ጣጣ የሌለው ሞተር ነበር።

እኛም አገር ቢሆን ቤተሰቡ እንግዳ አይደለም። በየወረዳው የግብርናና የጤና ጽሕፈት ቤት ግቢ፣ ዛፍ ጥላ ሥር አቧራ ለብሶ የሚቆመው ያማሃ ዲቲ ወይም ኤጂ ከዚሁ ዘር ነው። ኤጂን ቀርቦ ላስተዋለው ሰው ብዙ ያስተምራል። ፋብሪካው ለእርሻ ሥራ ብሎ ነው የሠራው፦ ሰንሰለቱ ጭቃና አቧራ እንዳያገኘው ዙሪያውን በሽፋን ተዘግቷል፤ መሬቱ በየትኛውም በኩል ቢያዘነብል እንዲቆም ማቆሚያው በግራም በቀኝም አለው፤ ሲወድቅ የፍሬንና የፍሪሲዮን እጀታው እንዳይሰበር መከለያ ብረት ተበጅቶለታል፤ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አለው። መሐንዲሶቹ ሞተሩ መውደቁ እንደማይቀር አስቀድመው አምነው የሠሩት ነው። የጀማሪ ምርጫም ከዚህ ቢነሣ ነው የምለው።

ወደ ክብደቱ እንግባ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ለጀማሪ ከሚጠቆሙት መካከል ያማሃ ቲደብሊው 200 ወደ 126 ኪሎ፣ ያማሃ ኤክስቲ 250 ወደ 132 ኪሎ፣ ሆንዳ ሲአርኤፍ 300ኤል ወደ 140 ኪሎ ይመዝናሉ። ሱዙኪ ዲአር 650 ወደ 166 ይደርሳል፤ ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ደግሞ ከ200 ያልፋል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ መሬት ላይ ሲተኙ ግን ሌላ ነው።

የወደቀ ሞተር የሚነሣው በክንድ ሳይሆን በእግር ነው። ሞተሩ ይጠፋል፣ ማርሹ አንደኛ ላይ ይገባል፤ የወደቀው በቀኝ ጎኑ ከሆነ የግራው ማቆሚያ አስቀድሞ ይዘረጋል፤ አለዚያ ቀጥ ሲል በሌላው ጎኑ ይሄዳል። መሪው ወደ መሬቱ በኩል እስኪያበቃ ይጠመዘዛል። ከዚያ ነጂው ጀርባውን ለሞተሩ ይሰጥና ዝቅ ብሎ ዳሌውን መቀመጫው ጠርዝ ላይ ያስጠጋል፤ በአንድ እጁ የመሪውን ጫፍ፣ በሌላው ከኋላ ያለውን ብረት ይይዛል፤ ወገቡን ቀጥ አድርጎ በትንንሽ እርምጃ ወደ ኋላ እየገፋ ይነሣል። በ130 ኪሎው ይህን የማይችል ጤነኛ ሰው ጥቂት ነው። ሁለት መቶ ኪሎውን አንድ ጊዜ ማንሣት ይቻል ይሆናል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለአራተኛ ጊዜ ሲወድቅ ግን ጉልበቱ አብሮ ያልቃል፣ የደከመ ሰው ደግሞ አምስተኛውን ይጨምራል። ሱቅ ውስጥ ሞተር አጋድሞ መሞከር አይፈቀድም፤ የሚያውቁት ሰው ሞተር ካለ ግን ሣር ላይ አስተኝቶ መለማመድ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይነግራል።

ቀጥሎ ቁመት። የቲደብሊው 200 መቀመጫ ከመሬት 79 ሳንቲ ሜትር፣ የኤክስቲ 250 ወደ 81፣ የሲአርኤፍ 300ኤል 88 ነው። የድሮው ሱዙኪ ዲአርዜድ 400ኤስ ከ93 ያልፋል፤ ረጃጅሞቹም ሳይቀሩ በጣት ነው የሚደርሱት። ቁጥሩ ብቻውን ግን ያሳስታል፤ ሰው ሲቀመጥበት ሞላው ስለሚረግብ በርካታ ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ጠባብ መቀመጫም እግርን ያስረዝማል። ስለዚህ የሚኬድበትን ጫማ አጥልቆ መቀመጥ ነው። ሁለቱም ተረከዝ መሬት ካልነካ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ዳሌን ትንሽ ወደ ጎን አንሸራትቶ አንድ እግርን በደንብ መትከል ከተቻለ ይበቃል። መጥፎው ሜዳው አይደለም። መጥፎው ተዳፋት ላይ ቆሞ እግር የሰደዱበት ቦታ ጉድጓድ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ አብዛኛው የጀማሪ ውድቀት የሚደርሰው በፍጥነት ሳይሆን እንዲህ ቆሞ ሳለ ነው። አጭር ሰው ሞላውን አስቀንሶ ማሳጠር ይችላል የሚሉ አሉ። ይችላል፤ ከሆዱ በታች ያለውንም ክፍተት አብሮ ያጣል። ዝቅ ብሎ የተሠራ መግዛት ይሻላል።

ጉልበትን ችላ በሉ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ለእኛ ደገኞች አንድ የተለየ ሒሳብ አለው። አየሩ ሲሳሳ ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ሲአርኤፍ 300ኤል በባሕር ጠለል ላይ 27 የፈረስ ጉልበት ገደማ ቢኖረው፣ 2800 ሜትር አካባቢ ያለው ደብረ ብርሃን ሲደርስ ወደ 20 ይወርዳል። ካርቡራቶሪ ያለው ሞተር ከዚህም በላይ ይቸገራል፤ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል፣ ይንተፋተፋል። በኤሌክትሮኒክስ ነዳጅ የሚረጩት መጠኑን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የጎደለውን ኦክስጅን ግን አይመልሱም። ዴንቨር የሚኖር ወገናችን ጫካው ለመድረስ መጀመሪያ በአይ-70 አውራ ጎዳና፣ 3400 ሜትር ላይ ወዳለው የአይዘንሃወር ዋሻ መውጣት ሊኖርበት ይችላል፤ ከጎኑ የጭነት መኪና እየገፋ በቲደብሊው 200 ይህን ዳገት መውጣት ቅጣት ነው። ለእሱ 250 እና 300 ሲሲው ይሻለዋል። ከቤቱ በር ጀምሮ ኮሮኮንች ለሆነበት ሰው ግን ያችው ትንሿ ቲደብሊው፣ ወፋፍራም ጎማዋን ይዛ፣ አሸዋውን ማንም በማያልፈው ዝግታ ታልፈዋለች። ከ1987 ጀምሮ መልኳ ብዙም ሳይለወጥ መሸጧ ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለ ጎማ አጭር ልናገር። ሲገዛ የሚመጣበት ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ለአስፋልት ያደላ ነው፤ ጥርሱ የጠበቀ ስለሆነ ጭቃ ይሞላውና ልሙጥ ይሆናል። ጭቃ የሚበዛበት ሰው ሞተሩን ከመለወጡ በፊት ጎማውን ይለውጥ። በውስጡ ከመነዳሪ ስላለ ጎሚስታ በሌለበት መንገድ አንድ ትርፍ፣ ማውለቂያ ብረትና ትንሽ ፓምፕ መያዝ፣ ቤት ውስጥም አንድ ጊዜ ፈትቶ መግጠም ግድ ነው።

የመለዋወጫው ነገር ደግሞ በየአገሩ ይለያያል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚገዛ ሰው፣ በአካባቢው መካኒክ የማያውቀው ምርጥ ሞተር መካኒኩ ዐይኑን ጨፍኖ ከሚፈታው መካከለኛ ሞተር ያንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጎበኘው ቦታ ጋራዡ ነው፤ የፍሬን ሸራ፣ ሰንሰለትና የፍሪሲዮን ሽቦ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ከጣለች ወዲህ ደግሞ የከተማው ሰው የፈቃዱን ጉዳይ ሳይጨርስ ገንዘብ ባያወጣ ይመረጣል። አውሮፓ ያለውም መንጃ ፈቃዱን ይመልከት፤ በኤ2 የሚነዳው ከ35 ኪሎ ዋት ያልበለጠ ስለሆነ ከላይ የጠቀስኳቸው ትንንሾቹ ሁሉ ይገቡለታል።

ያገለገለ መግዛት ለጀማሪ ከአዲስ ይሻላል ባይ ነኝ። የተጫረ ሞተር ሲጫር አያንገበግብም፤ የተረፈው ገንዘብ ደግሞ ለሄልሜት፣ ቁርጭምጭሚት ለሚሸፍን ቡትና ለሥልጠና ይሆናል። ሲፈተሽ የቀለሙ ውበት አይታይ። የእግር መርገጫውና የፍሬን እጀታው ጫፍ ከተላጠ ስንት ጊዜ እንደወደቀ ይናገራል፤ ያ ብቻውን ግን ነውር አይደለም። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርስ ሾሎ እንደ ማጭድ ከታጠፈ የፊቱ ጥርስ፣ የኋላው ጥርስና ሰንሰለቱ ሦስቱም በአንድነት መቀየር አለባቸው፤ ዋጋው ከሒሳቡ ይቀነስ። የቸርኬውን ሽቦዎች በመፍቻ መታ መታ እያደረጉ ማዳመጥ ነው፤ ጥብቆቹ ይጮኻሉ፣ የላላው ድምፁ ይታፈናል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ መሪውን በቀስታ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት መሀል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና መደራደሩ እዚያ ላይ ያብቃ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ሰላምታው እንዳለቀ፣ እጅን ሞተሩ ላይ ማሳረፍ ነው። ጤነኛ ሞተር በብርዱ ይነሣል። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ደግሞ ምንም ክፉ ቃል ሳይናገሩ፣ “ነገ ጠዋት ልምጣና አብረን እናስነሣው” ማለት ይቻላል።