ሰቨርንን የተሻገረው አጭር የባቡር መሥመር

ድልድይ ፈረሰ ሲባል ብዙዎቻችን የብረቱን ማርጀት ወይም የመሐንዲሱን ስሕተት እናስባለን። በእንግሊዝ አገር የሰቨርን ወንዝ የባቡር ድልድይ ታሪክ ግን ሌላ ምክንያት ያሳየናል። (ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዙ በስተምዕራብ፣ ዲን በሚባለው ደን፣ የድንጋይ ከሰል ይወጣ ነበር። በስተምሥራቅ ደግሞ የሻርፕነስ ወደብ አለ። ከሰሉን በባቡር ወደቡ ለማድረስ እስከ ግሎስተር ከተማ ድረስ መዞር ግድ ነበር። ስለዚህ ሊድኒንና ሻርፕነስን የሚያገናኝ አጭር መሥመር ተዘርግቶ በ1879 ሥራ ጀመረ። ድልድዩ 1,270 ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። በምሥራቁ ጫፍ በቦይ ላይ ያለፈው ክፍል፣ መርከብ ሲመጣ በእንፋሎት ኃይል እየዞረ መንገድ ይለቅ ነበር።

ምን ዋጋ አለው፣ በ1886 ከድልድዩ ወደ ባሕሩ ዝቅ ብሎ በወንዙ ሥር ዋሻ ተከፈተ። ዋሻው ባለ ሁለት ሐዲድ፣ ድልድዩ ባለ አንድ! ከደቡብ ዌልስ የሚመጣው ከባድ ጭነት በዋሻው ነጎደ። ያም ሆኖ ድልድዩ ለአካባቢው ሰው መጥቀሙን አልተወም። ከምሥራቁ ዳር ያሉ ተማሪዎች ሊድኒ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚሁ ባቡር ነበር።

ታዲያ ምን አፈረሰው? በሰቨርን አፍ የባሕሩ ውሃ ሲሞላና ሲጎድል ልዩነቱ እስከ 14 ሜትር ይደርሳል። ሲሞላ ወንዙን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ኦክቶበር 25 ቀን 1960 ማታ ጉም ወርዶ ነበር። ነዳጅ የጫኑ ሁለት ጀልባዎች የወደቡን በር ሳቱ። ሙላቱ ጠርጎ ወስዶ ከድልድዩ ምሰሶ ጋር አላተማቸው። ሁለት ክፍሎች ወደቁ፤ ነዳጁም ተቀጣጠለ። ከ8ቱ መርከበኞች 5ቱ ሞቱ። ደግነቱ ባቡር በድልድዩ ላይ አልነበረም።

እንግዲህ አደጋው ሁለት ክፍሎችን ጣለ እንጂ ሌላው ቆሞ ነበር። ለምን አልተጠገነም? ለጥገናው የሚከፍል ጭነት ስላልነበረ ነው። የዲን ደን የመጨረሻው ትልቅ የከሰል ጉድጓድ በ1965 ተዘጋ፤ ድልድዩን ማፍረስም በ1967 ተጀመረ። ጀልባዎቹ ድልድዩን ሰበሩት፤ መሥመሩን ያስቀረው ግን የሥራ ማጣት ነው።

እኛ አስተማሪዎች ይህን ልብ እንበል። በክፍል ውስጥ «በ1960 ፈረሰ» ብለን ብናልፍ ዓመቱን አስተማርን እንጂ ምክንያቱን አላስተማርንም። ሒሳቡ ደግሞ በገንዘብ ብቻ አያልቅም። ወንዙን በባቡር ይሻገሩ የነበሩት እነዚያ ተማሪዎች ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤታቸው ለመድረስ በግሎስተር መዞር ነበረባቸው።