ያረጀ ወንድ ውሻ ይኮላሽ ወይስ ይቅር?

ወይፈን ሲኮላሽ ያላየ ገበሬ የለም። ወጠጤም ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል። ጠባዩ ይበርዳል፣ ሥጋው ይጣፍጣል፣ በገበያም ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልግም። ውሻን ማኮላሸት ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። «ሙክት አድርገን ልንበላው ነው እንዴ!» ብሎ የሚስቅም አይጠፋም። ሳቁን ለጊዜው እናቆየውና ነገሩን እንመልከተው።

በአዲስ አበባ መሐል፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ የሚባል ሰፈር አለ። ጣልያኖች በወረራቸው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራ ድርጅት ነበራቸው። የድርጅቱ አጭር ስም «ኢንቺስ» ነበር። ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ። ሕዝቡ በአፉ አለሳልሶ ካዛንቺስ አለው። በዚህ ሰፈርና በአካባቢው ብዙ አባወራ በአንድ ግቢ ተጠጋግቶ ኖሯል። በሩን የሚጠብቀውም ብዙ ጊዜ አንድ ውሻ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለኮሪደር ልማት ተብሎ የሰፈሩ ብዙ ቤቶች ፈረሱ። ነዋሪዎቹም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ተዛወሩ። ሰው ሲዛወር ውሻውም አብሮ ይሄዳል፤ ወይም እዚያው ይቀራል። አንድን ግቢ ለምዶ ያረጀ ወንድ ውሻ አዲስ ቦታ ሲሄድ ወሰኑን አያውቅም። ይወጣል፣ ከሌሎች ወንዶች ጋር ይጣላል። «ይኮላሽ ወይስ ይቅር?» የሚለው ጥያቄ እንዲህ ባለ ጊዜ ይበረታል።

በቂርቆስ እንዲህ ያለ ንግግር ቢሰማ አያስገርምም።

«ልጄ፣ ይሄ ውሻ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማታ ማታ አጥር ዘሎ ይወጣና ጠዋት ጆሮው ተቀዶ ይመጣል። አኮላሸው ይሉኛል። ታዲያ ሌባ ሲመጣ ዝም ቢልስ? ደግሞስ በዚህ ዕድሜው ቢላዋ ይችላል?» ይላሉ ባለ ውሻው።

«አባባ፣ ውሻ ሌባን የሚለየው በቆለጡ አይደለም፤ በጆሮውና በአፍንጫው ነው» ይላል የእንስሳት ሐኪሙ። «ይልቅ ይንገሩኝ፤ ዓይነ ምድር ሲወጣ ያምጣል? ሽንቱ ላይስ ደም አይተዋል?»

አባወራው የጠየቁት ስለ ሌባ ነው። ሐኪሙ የጠየቀው ስለ ሽንት ነው። የአሮጌ ውሻ ነገር የሚወሰነውም በሐኪሙ ጥያቄ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። በወንድ ውሻ ሆድ ውስጥ፣ ከፊኛው አንገት አጠገብ፣ ፕሮስቴት የሚባል እጢ አለ። ሰውም ወንዱ ይህ እጢ አለው። እጢው የሚያድገው ቆለጥ በሚያመነጨው ሆርሞን ኃይል ነው። ሆርሞን ማለት በደም ውስጥ እየተዘዋወረ አካልን የሚያዝ ቅመም ማለት ነው። ያልተኮላሸ ውሻ ዕድሜው ሲገፋ እጢው አብዛኛውን ጊዜ ያብጣል። በሽማግሌ ሰው ላይ ሲያብጥ ሽንት ይከለክላል። በውሻ ላይ ግን ይበልጥ የሚጫነው የዓይነ ምድሩን መውጫ ነው። ስለዚህ ውሻው ያምጣል፤ የሚወጣውም ጠፍጣፋ ይሆናል። አንዳንዴም ከብልቱ ደም ጠብ ይላል። እንዲህ ያለውን ውሻ ማኮላሸት መድኃኒቱ ነው። ሆርሞኑ ሲቋረጥ እጢው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየሟሸሸ ይሄዳል። እጢው ካንሰር የያዘው ከሆነ ግን ማኮላሸት አያድነውም። አስቀድሞ መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። አንደኛው ቆለጥ ከሌላው ተለይቶ ቢያድግ ወይም ቢጠጥር፣ እብጠት ሊሆን ይችላልና መውጣት አለበት። አንዱ ቆለጥ ከሆድ ሳይወርድ ቀርቶ ከሆነ፣ ያ የተደበቀው ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉ ከወረደው ይበልጣል። በፊንጢጣ ዙሪያ የሚወጡ ትናንሽ እባጮችም ብዙዎቹ ውሻው ሲኮላሽ ይሟሽሻሉ። ከፊንጢጣው ጎን ለስላሳ እብጠት ከታየ ደግሞ አንጀት ወይም ፊኛ በደከመ ጡንቻ በኩል ገፍቶ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለስ? እዚህ ላይ የሰው አስተያየት ይለያያል። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ ጤነኛ፣ በግቢው የሚውል፣ ከሴት ውሻ ጋር የማይገናኝ የዘጠኝና የአሥር ዓመት ውሻ፣ ስላረጀ ብቻ ቢላዋ ሥር መግባት የለበትም። ቆለጡን በየጊዜው መዳበስና በዓመት አንድ ጊዜ ማስመርመር ይበቃዋል።

አጥር እየዘለለ የሚዞረው ግን ሌላ ነው። ሴት ፍለጋ የሚዞር ውሻ ሲኮላሽ ብዙ ጊዜ መዞሩን ይቀንሳል። ይቀንሳል እንጂ ይተዋል አላልኩም። ስምንት ዓመት የለመደውን መንገድ እግሩ አይረሳውም። ፈርቶ የሚናከስ ውሻም ቢኮላሽ ፍርሃቱ አይለቀውም። ለዚህ አጥር ማጠር ከሁሉ ይረክሳል።

«ከተኮላሸ አያብድም» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ አትቀበሉት። የእብድ ውሻ በሽታ በንክሻ፣ በለሃጭ የሚተላለፍ ነው፤ የተኮላሸውንም ያልተኮላሸውንም ይይዛል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1903 ወረርሽኙ ተነሥቶ እንደነበር ተመዝግቧል። ዛሬም አልጠፋም። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል። ከመቶው 99 የሚሆነውን ሰው በሽታውን የሚያስይዘው ውሻ ነው። መከላከያው ክትባት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ከመቶው 70 ያህሉ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃው ሰው አስቀድሞ ውሻውን ያስከትብ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የወንድ ውሻ መዞር ጉዳቱ በከተማ ሰፈር አያበቃም። በባሌ ተራራ ላይ፣ በወብ ሸለቆ፣ ከእረኞች ጋር የሚወጡ ወንድ ውሾች ከሴት ቀይ ቀበሮዎች ጋር ተገናኝተው ድቅል ግልገል አስወልደዋል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም። የእብድ ውሻ በሽታም ከውሾቹ ወደ ቀበሮዎቹ ተሻግሮ በ1991 እና በ2003 እ.ኤ.አ. ብዙዎቹን ፈጅቷል። እንዲህ ባለ ቦታ ወንድ ውሻን ገና በወጣትነቱ ማኮላሸት ትርጉም አለው። የውሻን ብዛት ለመቀነስ ከሆነ ግን ሴቶቹን ማምከን ይሻላል። አንድ ያልተኮላሸ ወንድ ለብዙ ሴት ይበቃልና።

አሁን ወደ ቢላዋው እንምጣ። አባወራው «በዚህ ዕድሜው ይችላል?» ያሉት የሚገባ ጥያቄ ነው። ዕድሜ ብቻውን በሽታ አይደለም። የሚያሰጋው ማደንዘዣው ነው፤ ልቡ፣ ኩላሊቱና ጉበቱ ካልጠነከሩ አይቋቋመውም። ስለዚህ ሐኪሙ ልቡን ያዳምጥ፤ ደሙም ይመርመር። በሽታ ከተገኘበት መጀመሪያ ያ ይታከም። ትልቅ ዘር ውሻ ከትንሹ ቀድሞ ያረጃል። ስድስትና ሰባት ዓመት ለትልቁ ሽምግልና ነው።

አንድ ነገር አደራ። ወይፈን በድንጋይ እንደሚቀጠቀጠው ውሻን ለመቀጥቀጥ፣ ወይም ቆለጡን በክር አስሮ ለማድረቅ የሚሞክር አይጥፋ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ስታዩ ከልክሉ። ስቃዩ ከባድ ነው። ሥጋው ይበሰብሳል፤ ውሻውም ይሞታል። ውሻ የሚኮላሸው ተደንዝዞ፣ በንጹሕ መሣሪያ፣ በሐኪም እጅ ነው።

ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ሐኪሙ እንዳዘዘው ምግብ ይከልከል። ከተሠራለት በኋላ ከ10 እስከ 14 ቀን አይታጠብ፣ አይሩጥ፣ ስፌቱንም አይላስ። አመመው ብላችሁ ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻ አትስጡት፤ ሊገድለው ይችላል። የተኮላሸ ውሻ ቶሎ ይወፍራልና ከልኳንዳ የሚመጣለት ትርፍራፊ ይቀነስለት። ደግሞም በተኮላሸ ማግሥት መካን አይሆንም። ቀድሞ የተጠራቀመ ዘር ለጥቂት ሳምንታት ስለሚቆይ፣ እስከዚያ ድረስ ሴት ውሻ ካለበት ግቢ ይራቅ።