የግጥም አካላት፦ ከቀለም እስከ ኅብር

የአማርኛ ግጥም ሲለካ የሚጀመረው ከቀለም ነው። ቀለም በአንድ አናባቢ ዙሪያ የተሰበሰበ፣ በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣ ድምፅ ነው። ቀለማት ተሰብስበው ሐረግ ይሆናሉ፤ ሁለት ሐረጎች በመካከላቸው አጭር ዕረፍት ተወስዶ አንድ ስንኝ ይሠራሉ፤ ስንኞች በመጨረሻ ድምፃቸው ሲገጥሙ ቤት መቱ ይባላል፤ በሐሳብ የተያያዙ ስንኞች ስብስብ ደግሞ አርኬ ይባላል። ስያሜዎቹ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ናቸው ማለት አይደለም። ለአማርኛ ገጣሚ ቤት የስንኙ ማሳረጊያ ድምፅ ሲሆን ለቅኔ መምህር ግን ራሱ መስመሩ ነው፤ ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት አለው የሚባለው በዚህ አነጋገር ነው።

ቀለም የሚቆጠረው በጆሮ እንጂ በዐይን አይደለም። የሚከተሉት ሁለት ስንኞች ለማሳያ የተገጠሙ ናቸው፦

ጎህ ሲቀድ ተነሥታ እንስራዋን ይዛ፣
ከወንዙ ዳር ቀረች በትካዜ ፈዛ።

የመጀመሪያው ሐረግ ሲጻፍ ዘጠኝ ፊደል ነው። ሲነበብ ግን ጎህ፣ ሲ፣ ቀድ፣ ተ፣ ነሥ፣ ታ ተብሎ በስድስት ቀለም ያልቃል፤ «ህ»፣ «ድ» እና «ሥ» የራሳቸው አናባቢ ስለሌላቸው ከፊታቸው ባለው ድምፅ ላይ ይለጠፋሉ። ሁለተኛው ሐረግም እን፣ ስ፣ ራ፣ ዋን፣ ይ፣ ዛ ተብሎ ስድስት ይሞላል። በዚህኛው «ስ» ብቻዋን ቀለም ሆናለች፤ ከፊቷ ባለው «ን» ላይ ልትለጠፍ ስለማትችል ቀጭን አናባቢ ታበጃለች። ሳድስ ፊደል አንዴ የሚቆጠረው፣ አንዴ የማይቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጀማሪ ገጣሚ ልኩ የሚዛነፍበትም አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ላይ ነው።

ስድስት በስድስት የሆነው ልክ የወል ቤት ይባላል። ስሙ እንደሚያመለክተው የጋራ ነው፤ አዝማሪውም፣ አልቃሿም፣ መጽሐፍ የሚያሳትመው ገጣሚም ይጠቀሙበታል። ሐረጉ ወደ አምስት ሲያጥር ሰንጎ መገን ይሆናል። ያው ስንኝ «ጎህ ሳይቀድ ወጥታ እንስራ ይዛ» ቢባል ከእያንዳንዱ ሐረግ አንዲት ቀለም ብቻ ቀንሶ ርምጃው ይፈጥናል፤ ሴትዮዋም የቸኮለች ትመስላለች። በተቃራኒው ሐረጉን ወደ ስምንት፣ ስንኙን ወደ ዐሥራ ስድስት ቀለም ያስረዘመው ልክ ከባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ጋር ስለተሳሰረ የጸጋዬ ቤት ተብሏል። በ1966 ዓ.ም. የወጣው «እሳት ወይ አበባ» የዚህ ልክ ዋና ማሳያ ነው። የረዘመው ስንኝ ዐረፍተ ነገሩ ሳይቆራረጥ እንዲብላላ ቦታ ይሰጠዋል፤ ለመድረክ ንግግር የተመቸውም በዚህ ይመስላል። ጉዳዩን በምሁር ዐይን ቀድመው ከመረመሩት አንዱ ራሱ ገጣሚ የነበረው መንግሥቱ ለማ ነው፤ ስለ አማርኛ ግጥም አገጣጠም ስልት የጻፈው ጥናት በ1963 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ወጥቷል።

ቤት መምታት ከልኩ ይቀላል። የመጨረሻው ፊደል ተነባቢውም አናባቢውም ሲገጥም፣ «ይዛ» እና «ፈዛ» እንደሆኑት፣ ቤቱ ሙሉ ነው። ስንኙ በሳድስ ካለቀ ግን ከእሱ በፊት ያለው አናባቢም መመሳሰል አለበት፤ «ሌት» ከ«ቤት» ጋር ይመታል፣ «ሌት» ከ«ወተት» ጋር ግን ይሰነካከላል። አማርኛ በግሥ የሚያልቅ ቋንቋ በመሆኑ በ«ነው» እና በ«አለ» ቤት ማግኘት እጅግ ቀላል ነው፤ ስለዚህም በዚህ ብቻ የተሞላ ግጥም ቤት እየመታም ቢሆን ይሰለቻል። መልክእ በሚባለው የግእዝ የውዳሴ ድርሰት አምስት ስንኞች በአንድ ቤት ያልቃሉ፤ በአማርኛ ግን ከሁሉ የተለመደው ሁለት ሁለት እያሉ መምታት ነው።

ከድምፅ ቀጥሎ ዘይቤ ይመጣል። ዘይቤ ቃሉ ከተራ ፍችው ወጣ ብሎ የሚሠራበት መንገድ ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍት በርካታ ስሞችን ይደረድራሉ፤ ብዙዎቹ ግን የአንድ ሥራ መልኮች ናቸው። «ዐይኗ እንደ ኩራዝ ይበራል» ሲባል «እንደ» ሁለቱን ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ አቁሞ ያነጻጽራል፤ ይህ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው። «እንደ» ሲወጣና «ኩራዟ ሌሊቱን ሙሉ አልጠፋም» ሲባል ዐይን የሚለው ቃል ሳይነሣ ኩራዙ ቦታውን ይይዛል፤ ይህ ተለዋጭ ዘይቤ ነው። ግዑዙ ነገር ሰውኛ ጠባይ ሲሰጠው፣ ለምሳሌ ጣና ሲቆጣ ወይም ተራራው አንገቱን ሲደፋ፣ ሰውኛ ዘይቤ ይባላል። እንቶኔ ደግሞ የሌለውን፣ የሞተውን ወይም መስማት የማይችለውን «አንተ»፣ «አንቺ» እያሉ ማናገር ነው፤ ለሙሾ ዋና መሣሪያው ነው፣ አልቃሿ የምታናግረው ተቀባሪውን ነውና። ፉከራና ቀረርቶ ያለ ግነት አይቆሙም። ምጸት የሚባለው ተቃራኒውን ተናግሮ እውነቱን ማስያዝ ነው፤ በሠርግ ቤት አዝማሪ ሲያወድስ የሚያሳቅቀው በዚህ ነው። «ሞቶ ዳነ» ዓይነቱ ርስ በርሱ የሚጣላ የሚመስል አባባል አያዎ ይባላል፤ ስያሜውን «አይ» እና «አዎ» ተገናኝተው የሰጡት ነው፣ ከዘይቤ ስሞች ሁሉ ራሱን በራሱ የሚያስረዳው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የሁሉም ማዕከል ሰምና ወርቅ ነው፤ ከሁሉም በላይ በተሳሳተ መንገድ የሚሠራበትም ይኸው ስም ነው። ምንጩ የአንጥረኛው ሥራ ነው፦ ጌጡ መጀመሪያ በሰም ይቀረጻል፣ በጭቃ ይለበጣል፣ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ በባዶው ቦታ ይፈስሳል። በግእዝ ቅኔ ትምህርት ሰምና ወርቅ ሲባል ሁለቱም ጎን ለጎን ተነግረው የሚታዩበት ስልት ነው። «ገበሬው ሞት የዕድሜን አዝመራ ዐጨደ» ቢባል ገበሬና አዝመራ ሰም፣ ሞትና ዕድሜ ወርቅ ናቸው፤ ማሠሪያ ግሡ «ዐጨደ» ከሰሙ ወገን ሆኖ ወርቁንም ይሸከማል። እዚህ ምንም የተደበቀ ነገር የለም። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ አማካይነት በውጭ አገር የታወቀው፣ በሕዝቡም ዘንድ ሰምና ወርቅ እየተባለ የሚጠራው ድርብ ትርጉም ግን በቅኔ መምህራን አነጋገር በአብዛኛው ኅብር ነው።

በኅብር አንድ ቃል ሁለት ፍች ይይዛል፤ ቃሉም ኅብረ ቃል ይባላል። ለማሳያ የተገጠመ ሌላ ምሳሌ፦

ክረምቱ መጣና አስጨነቀኝ ብርዱ፣
ልብስ ከየት ይመጣል ወዳጆች ሲሄዱ።

ኅብረ ቃሉ «ልብስ» ነው። ሰሙ የታረዘ ሰው ስሞታ ነው፦ የሚያለብሱት ወዳጆቹ ሄደዋል፣ ብርዱ ገብቷል። ወርቁ የሚወጣው ቃሉ «ልብ» እና «ስ» ተብሎ ሲከፈል ነው፤ «ልብስ ከየት ይመጣል» ማለት «ሌላው ሁሉ ይገኝ ይሆናል፣ ልብ ግን ከየት?» ወደሚል ይዞራል። ክረምትና ብርድ ለሁለቱም ወገን ስለሚሠሩ ግጥሙ ይዘልቃል፤ ኅብረ ቃሉ ብቻውን ተንጠልጥሎ የቀረው ስንኝ ጨዋታ እንጂ ኅብር አይሆንም። በዚህ ምሳሌ አንድ ጉድለት አለ። ሰሙ ሲነበብ «ልብስ» አንድ ቀለም ስለሆነ ሐረጉ ስድስት ይሞላል። ለወርቁ ግን «ብ» ጠብቃ «ስ» ስትለይ ቃሉ ሁለት ቀለም ይሆናል፣ ሐረጉም ሰባት ይደርሳል። የአማርኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ወረቀቱ ሁለቱን ንባብ እኩል ይዞ ዝም ይላል፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል። ብዙ ኅብር በጽሑፍ አምሮ በቃል ሲነበብ የሚጋለጠው ወይም የሚጠፋው ስለዚህ ነው። የተካነ ገጣሚ ሲሆንለት በሁለቱም ንባብ ድምፁም ልኩም የማይለወጥ ቃል ይፈልጋል።

ውስጠ ወይራ ከዚህ ይለያል። ቃሉ አይከፈልም፣ ድርብ ፍችም የለውም፤ አረፍተ ነገሩ እንዳለ ሙሉ ሆኖ ሌላ ታሪክ ያመለክታል። አንድ ሰው በክፉ ቀን የካደውን ወዳጁን ሲያነሣ «ሌሊቱን ዶሮ ሲጮህ አደረ» ብሎ ቢያበቃ በገጠር ቤት ያደረ ሁሉ የሚናገረው ነገር ነው። ጴጥሮስ ዶሮ ሳይጮህ ሦስት ጊዜ ጌታውን መካዱን የሚያውቅና የነገሩን ምክንያት የሰማ ግን ማን እንደተባለ ወዲያው ይገባዋል። በቅኔ ቤት ደቀ መዝሙሩ ቅኔ ሲፈታ ከሰዋስዉ ሌላ መጻሕፍትንና ታሪክን እንዲያውቅ የሚጠበቅበት ለዚህ ነው፤ ታሪኩ ካልታወቀ ሰሙ ብቻ ይቀራል።