ባሌስትራ፦ የደቡብ ኦሞን ጭነት የተሸከመው ብረት

ደቡብ ኦሞ ውስጥ የሚሠራ የጭነት መኪና ሳምንቱን በገበያ ይቆጥራል። ሰኞ ቱርሚ፣ ማክሰኞ ዲመካ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ ጂንካ። ሲሄድ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ቢራና ለስላሳ ይጭናል፤ ሲመለስ ከአሪ ደጋ ቡናና ኮረሪማ፣ ከቆላው ደግሞ ማሽላ፣ ፍየልና በሬ። ጆንያው ላይ ሰው ይሳፈራል፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ይወርዳል፣ ፖሊሱ ሲታለፍ ተመልሶ ይወጣል። ይህ ሁሉ ሸክም ጎማው ላይ ከማረፉ በፊት የሚያልፈው ማንም ጎንበስ ብሎ በማያየው፣ በተነባበረ ጎባጣ ብረት በኩል ነው። ባሌስትራ የሚታወሰው ሲሰበር ነው።

አሠራሩን ላየው ቀላል ይመስላል። ዝርግ የብረት ንብሮች ጫፎቻቸው ወደ ላይ ቀና ብለው ይደራረቡና መሐላቸው ላይ በአንድ ብሎን ይሰፋሉ። ከሁሉ የሚረዝመው ዋናው ንብር ሁለት ጫፎቹ ተጠቅልለው ቀለበት ሠርተዋል። የፊተኛው ቀለበት ሻንሲው ላይ በፒን ይታሰራል። የኋለኛው ግን ተወዛዋዥ ማንጠልጠያ ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ ጎባጣው ብረት ጭነት ሲያርፍበት እየተዘረጋ ስለሚረዝም ጫፉ መሄጃ ይፈልጋል። ሁለቱም ጫፍ ቢታሰር ኖሮ ብረቱ መተጣጠፉ ቀርቶ ሻንሲውን ይገፋ ነበር። ከዋናው በታች ያሉት ንብሮች ደረጃ በደረጃ እያጠሩ ይሄዳሉ፤ የማጉበጥ ኃይሉ የሚበረታው መሐል ላይ እንጂ ጫፍ ላይ ስላልሆነ ብረቱም የተከማቸው በሚያስፈልግበት ቦታ ነው። መሐሉን ከአክስሉ ጋር ጠርንፈው የሚይዙት ደግሞ በሁለት እግር የቆሙ ማቀፊያ ብሎኖች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ባለጉዳዮች እነሱ ናቸውና አንባቢ ልብ ይበላቸው።

ብረቱ ተራ ብረት አይደለም። ሲሊከንና ማንጋኒዝ የተቀላቀለበት ነው። ከ850 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይግልና ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይጠነክራል፤ ከዚያ እንዳይሰባበር በመጠነኛ ሙቀት እንደገና ይለዝባል። ጎብጦ ወደ ቦታው የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህም የተሰበረ ባሌስትራ በብየዳ አይጠገንም። የብየዳው እሳት በነካው ቦታ ዙሪያ ያ ሁሉ የፋብሪካ ልፋት ይሰረዛል፤ ብረቱም ከብየዳው ጎን፣ ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ፣ እንደገና ይለያል። የበየደው ሰው «እኔ የበየድኩት አልተሰበረም» ይላል። እውነቱን ነው፤ የተሰበረው ጎኑ ነው።

መኪና አምራቾች ለምቾት ሲሉ ጥቅል ስፕሪንግና የአየር ከረጢት ቢያመጡም ጭነት ላይ ባሌስትራን ያልተዉበት ምክንያት አለ። ጥቅል ስፕሪንግ ክብደት ከመሸከም ሌላ ነገር አያውቅም፤ አክስሉን በቦታው የሚይዙ ዘንጎች ለብቻ ያስፈልጉታል። ባሌስትራ ግን ክብደቱን ይሸከማል፣ አክስሉን ወደፊትም ወደ ጎንም እንዳይሄድ ይይዛል፣ ንብሮቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ ደግሞ ነውጡን በመጠኑ ያበርዳሉ። በዚያ ላይ መንገድ ዳር፣ በክሪክና በመዶሻ ይፈታል። ይህን ቶዮታም ያውቃል፦ 70ኛው ተከታታይ ላንድ ክሩዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ፊቱን ወደ ጥቅል ስፕሪንግ ሲቀይር ኋላው፣ ጭነት የሚያርፍበት፣ ባሌስትራ እንደሆነ ቀረ። ደቡብ ኦሞ የሚመላለሱት አይሱዙዎችና ሲኖትራኮችም የሚሠሩት በዚሁ ነው። ሾፌር የሚወደው ሃይሉክስ እንኳ ኋላው ባሌስትራ ነው።

አሁን ወደ አገሩ መልክ እንምጣ። ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ 1490 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ማጎ ብሔራዊ ፓርክ የሚወርድ መኪና 450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ሜዳ ሲደርስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል። ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ ሸለቆ የሚወርደውም እንዲሁ ነው። ቁልቁለት ለባሌስትራ ከጉድጓድ ይከፋል። ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ጎማው አክስሉን ይዞ መዞር ይፈልጋል፤ ያንን ጥምዘዛ የሚቋቋመው ባሌስትራው ነው፣ ክብደቱን እንደተሸከመ። የፊተኛው ባሌስትራ ላይ ደግሞ ከኋላ የተገፋው ሸክም ይጨመርበታል። ከብት ለጫነ ሰው ሌላም ጣጣ አለ፦ ጆንያ ባስቀመጡት ይቀመጣል፤ በሬ ግን በየመታጠፊያው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ያ ጎን ለአፍታ የሁለቱን ድርሻ ይሸከማል።

እንዲያም ሆኖ ባሌስትራን መንገድ ሰበረው የሚለው ክስ ለእኔ ብዙም አይዋጥልኝም። መንገዱ የመጨረሻውን ምት ይመታል እንጂ ገዳዩ ሌላ ነው። ብረት በአንድ ምት ሳይሆን በድካም ነው የሚሞተው። ጭነት ሲያርፍበት የየንብሩ የላይኛው ገጽ ይለጠጣል፤ ሲነሳለት ይመለሳል፤ ይህ በሺህና በመቶ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። አንድ ቀን ላይኛው ገጽ ላይ፣ ምናልባት ዝገት ከቆፈራት ትንሽ ጉድጓድ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትጀምራለች። ከዚያ በኋላ ጊዜ ብቻ ነው የሚቀረው። ጭነቱ ከተፈቀደው በጥቂቱ እንኳ ሲያልፍ ዕድሜው የሚያጥረው በጥቂቱ አይደለም፤ በብዙ እጥፍ ነው። የተሰበረን ንብር ጎን አይቶ ማረጋገጥ ይቻላል፦ አሮጌው ስንጥቅ ጠቁሮና ዝጎ፣ ዛሬ የተበጠሰው ክፍል ግን እያብለጨለጨ ይገኛል። የጠቆረው ሰፊ ከሆነ ባሌስትራው የተሰበረው ዛሬ አይደለም።

ሁለተኛው ገዳይ ያልጠበቀ ማቀፊያ ብሎን ነው። ማቀፊያዎቹ ሲላሉ ንብሮቹ መሐል ላይ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፤ ጉልበቱ በሙሉ የመሐሉ ብሎን ወዳለፈበት ቀዳዳ ይሄዳል። ቀዳዳ ያለበት ቦታ ደግሞ ቀድሞውኑ የሳሳ ነው። መሐል ለመሐል የተሰበረ ባሌስትራ ካያችሁ ጭነቱን ከመርገማችሁ በፊት ማቀፊያዎቹን ጠርጥሩ። የመሐሉ ብሎን ራሱ ተቆርጦ አክስሉ አንድ ጎን ወደኋላ የሸሸበት መኪናም አለ፤ ከኋላው ሲከተሉት ፊቱ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሰውነቱ ወደ ሌላ ሲሄድ ይታያል። እንዲህ ያለው ጎማውን ከመብላቱ በላይ በፍሬን ጊዜ ወዴት እንደሚዞር አይታወቅም።

ሾፌሩም ባለንብረቱም የሚያውቁት መድኃኒት ግን አንድ ነው፦ «አንድ ጨምርበት»። ንብር መጨመር መጥፎ የሚሆነው ልክ ሳይታወቅ ሲደረግ ነው። በወፍራም መተካትም ያው ነው፦ የአንድ ንብር ግትርነት የሚያድገው በውፍረቱ ኩብ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር የነበረው በ12 ሚሊ ሜትር ቢተካ በ20 በመቶ ሳይሆን በ73 በመቶ ገደማ ይገትራል። መኪናው ቆሞ ሲታይ ቀና ይላል፣ ባለንብረቱም ይደሰታል። ያ ባሌስትራው ያልዋጠው ነውጥ ግን የትም አልሄደም። ወደ ማንጠልጠያው፣ ወደ ሻንሲው፣ ወደ አክስሉና ወደ ጎማው ሄዷል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሻንሲው ማንጠልጠያው በተመታበት አካባቢ ሲሰነጠቅ ይገኛል። ባሌስትራ ይገዛል፤ ሻንሲ ግን ቀላል አይደለም። ንብር የሚጨመረው አብዝቶ ለመጫን ሲሆን መንገዱም ድርሻውን ያገኛል፦ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ በተካሄደው ትልቅ የመንገድ ሙከራ እንደታየው አስፋልት ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚያድገው በአክስል ክብደት አራተኛ ኃይል ገደማ ነው። 20 በመቶ ከመጠን በላይ የጫነ አክስል ከእጥፍ በላይ ያበላሻል። ስለዚህ ተጨማሪ ንብር የገዛው ሰው፣ ሳያስበው፣ ነገ ባሌስትራውን የሚመታውን ጉድጓድም አብሮ ገዝቷል።

መቀየር የሚገባው መቼ ነው? ባዶ መኪና ሜዳ ላይ አቁሞ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው ያለውን ቁመት በግራና በቀኝ መለካት በቂ ጅምር ነው። አንዱ ጎን ጎልቶ ካጠረ፣ በንብሮቹ መካከል የዝገት መስመር ከወጣ፣ ጎማው የካሶኒውን ከንፈር መላስ ከጀመረ ጊዜው ደርሷል። የተኛ ባሌስትራን በመዶሻ እየቀጠቀጡ እንደገና ማጉበጥ በየጋራዡ ይሠራል። ርካሽ ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ያቆመዋል፤ የደከመውን ብረት ግን አያሳርፈውም፣ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ይተኛል።

አዲሱ ብዙ ጊዜ ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው ጂንካ የሚደርሰው። ስለዚህ ከማዘዝ በፊት ልክ መውሰድ ግድ ነው፦ ከቀለበት እስከ ቀለበት ያለው ርዝመት፣ ስፋቱ፣ የየንብሩ ውፍረትና ብዛት፣ የቀለበቱ ቀዳዳ። አብዛኛው ሰው የሚዘነጋው ደግሞ የመሐሉ ብሎን ቦታ ነው። በብዙ መኪና ላይ ብሎኑ ትክክለኛው መሐል ላይ አይደለም፤ ወደ አንዱ ጫፍ ይቀርባል። ተገልብጦ ከገባ አክስሉ ከቦታው ወጥቶ ይቀመጣል። ሁለቱም ጎን አንድ ላይ ይቀየር። አንዱ አዲስ አንዱ የደከመ ሲሆን መኪናው ያዘነብላል፣ አዲሱም የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል።

ሥራው የሚጀምረው ጭነቱን ሙሉ በሙሉ በማውረድና ለቀሩት ጎማዎች ታኮ በማድረግ ነው። ሻንሲው በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ይረፍ፤ በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ስር መግባት በየጋራዡ የሚታይ ቢሆንም ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ሌላ ክሪክ አክስሉን ይይዛል፤ ባሌስትራው ተወጥሮም ተንጠልጥሎም እስከማይቀር ድረስ ከፍ ዝቅ ይደረጋል። የዛጉት ብሎኖች ከዋዜማው ናፍጣ ከጠጡ ዳዶው ሳይሰበር ይፈታል። ንብሮቹን መነጣጠል ካስፈለገ ሞርሳ ወይም ጠንካራ ማጥበቂያ ሳይዛቸው የመሐሉ ብሎን መፈታት የለበትም። ንብሮቹ የታሰሩት እኩል ያልሆነ ጉብጠታቸውን እርስ በርስ ተጫጭነው ስለሆነ ሲለቀቁ ይዘላሉ፤ ጣትም ጥርስም ይወስዳሉ።

ሲገጠም የመሐሉ ብሎን ራስ አክስሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ በትክክል ይቀመጥ። ማቀፊያ ብሎኖቹ አዲስ ይሁኑ። አንዴ በኃይል የተጠበቀ ማቀፊያ ተለጥጧል፤ ሁለተኛ ሲጠብቅ ያንኑ ጭብጥ አይሰጥም። አራቱ ዳዶዎች በመስቀልያ ተራ፣ ደረጃ በደረጃ ይጥበቁ። የፒኖቹ ግን ይቆዩ። ጎሚኒ፣ ማለትም በቀለበቱ ውስጥ ያለው ላስቲክ፣ መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ከተጠበቀ መኪናው መሬት ሲወርድ ተጠምዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ስለዚህ ፒኑ የመጨረሻ ጥብቀቱን የሚያገኘው ክብደቱ ጎማ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። በዚያው ባሌስትራውን በተቃጠለ ዘይት የመቀባት ልማድ ቢቀር እመርጣለሁ። ለአንድ ሳምንት ጩኸቱን ያጠፋል፤ ከዚያ የቆላውን አቧራ ሰብስቦ በንብሮቹ መካከል መሞረጃ ይሆናል፣ ጎሚኒውንም ያሳብጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ሥራ ከሁሉ የሚረሳው ነው። አዲስ ባሌስትራ በመጀመሪያው ጭነት ይደላደላል፤ ቀለሙ ይላጣል፣ ንብሮቹ ይቀማመጣሉ፣ ማቀፊያዎቹም ይላላሉ። ከመጀመሪያው የጭነት ጉዞ በኋላ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ 1000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፣ እንደገና መጥበቅ አለባቸው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ይህ ያልተደረገለት አዲስ ባሌስትራ ከአሮጌው ቀድሞ መሐሉ ላይ ሲሰበር ባለንብረቱ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል፤ ፎርጅድ ዕቃ መኖሩ ባይካድም።

የወጣው አሮጌ ብረትስ? አዲስ አበባ ቢሆን ወደ ምናለሽ ተራ ይሄድ ነበር። በአገሪቱ ያሉ አንጥረኞች የመኪና ባሌስትራን የሚፈልጉት ከሌላ ቁርጥራጭ ብረት አስበልጠው ነው፤ ቢላ፣ ማጭድ፣ የማረሻ ጫፍ ሲሆን ስለት ይይዛል፣ ቶሎ አይታጠፍም። ጂንካ ዙሪያ ደግሞ አሪዎች የቆየ የአንጥረኝነት ሙያ አላቸው። እንደ ብዙው የአገራችን ክፍል ሁሉ እዚያም የብረት ሠሪው ማኅበራዊ ቦታ ዝቅ ተደርጎ ኖሯል፤ የመጡበት ዘር ሌላ ነው የሚልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የዘረመል ጥናት የአሪ አንጥረኞችና የአሪ ገበሬዎች ባለፉት 4500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የወጡ መሆናቸውን፣ በመካከላቸው የሚታየውም ልዩነት በአብዛኛው ከመገለል የመጣ መሆኑን አሳይቷል።

አንጥረኛው ብረቱን አግሎ እንደ አዲስ ስለሚቀጠቅጠው የመኪናው ዘመን ድካም ብዙም አያስጨንቀውም፤ ቢላ ቶን አይሸከምም። ለመኪና ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሙሉ የሚመስል አሮጌ ንብር ውስጡ የያዘው ስንጥቅ በዓይን አይታይም፤ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ «ያገለገለ ግን ደህና» ተብሎ ለሌላ ሰው መኪና ሲገባ ቁልቁለት ላይ የሚገኘው ያ ሰው ነው። ስለዚህ ባሌስትራ ያስቀየራችሁ ባለንብረቶች፣ አሮጌውን ለአንጥረኛ ሽጡት፤ ለሌላ መኪና አትስጡት።